«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት

በዛሬ ጊዜ በከተማም ሆነ በገጠር፥ በቢሮም ሆነ በሻይ ቤት ከሰው አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ። እርሱም «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነው። ግብር ሊከፍል የተሰለፈው ነጋዴ፥ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣው ገበሬ፥ በስልኩ ለእናቱ ገንዘብ ሊልክ የሞከረው ወጣት ይህን ቃል ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቃሉ አጭር ነው፤ ክርክርም አይፈቅድም።

ነገር ግን፥ ውድ አንባቢ፥ ብዙውን ጊዜ ኔትወርኩ አለ። የታጣው በመስመሩ ላይ የሚያልፉበት ቦታ ነው። «የለም» ማለትና «ሞልቷል» ማለት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሌለውን ነገር መሥራት ገንዘብና ዘመን ይጠይቃል፤ የሞላውን ግን በሥርዓት በማስተናገድ ብቻ ብዙ ማሻሻል ይቻላል። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚሁ ሥርዓት ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁሩታን እንውሰድ። ሁሩታ ከአዳማ በዴራ በኩል ወደ አርሲ ደጋ ሲወጡ የምትገኝ፥ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት አገር መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ በእርሷም ዘንድ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚወጣበት ቀን እንደ ሌላው ቀን አይደለም። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ውጤት ሲገለጥ በመላ አገሪቱ የተፈተኑት ተማሪዎች ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ፤ ከእነዚህም የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። እንግዲህ የሕይወቱ መንገድ በአንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ወጣት ስልኩን ይዞ ሲቆም፥ ገጹም አልከፈት ሲለው፥ ምን ያህል እንደሚጨነቅ መናገር አያስፈልግም።

እንዲህ ባለው ቀን በየከተማው ኢንተርኔት ቤት ደጃፍ ይህን የመሰለ ንግግር ይሰማል።

«ጋሼ፥ ኔትወርኩ ዛሬም ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም ልጄ። አገሩ በሙሉ በአንድ በር ሊገባ እየተጋፋ ነው።»

«ታዲያ እስኪከፈትልኝ ደጋግሜ ልጫነው?»

«አንተ ደጋግመህ ብትጫነው፥ ያኛውም ደጋግሞ ቢጫነው፥ በሩ ይሰፋል?»

የባለ ቤቱ መልስ ከአንድ መሐንዲስ መልስ አያንስም። ለምን እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እንመልከት።

መጨናነቅ በሦስት ስፍራ ሊደርስ ይችላል። አንደኛው በስልካችንና በከተማው የአንቴና ማማ መካከል ያለው የአየር መንገድ ነው። ሁለተኛው ማማውን ከአዳማና ከአዲስ አበባ ጋራ የሚያገናኘው ዋና መስመር ነው። ሦስተኛው ውጤቱን የያዘው ኮምፒዩተር፥ ማለት ሰርቨሩ ራሱ ነው። ችግሩ ከየት እንደ ሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሌላ ገጽ በደህና እየተከፈተ የውጤቱ ገጽ ብቻ እንቢ ካለ፥ ጥፋቱ የሰርቨሩ እንጂ የመስመሩ አይደለም። ሁሉም ከዘገየ ግን መስመሩን ወይም ማማውን መጠርጠር ይገባል። ይህን ሳይለዩ ባለ ኢንተርኔት ቤቱን መቆጣት ለአውቶቡስ መዘግየት ትኬት ቆራጩን እንደ መስደብ ነው።

የመስመር መጨናነቅ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ወደ አገራችን የስልክ ሽቦ መዘርጋት የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ራሱን በቻለ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሥር ሆነ። በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንድ ሽቦ ለእነርሱ ብቻ ይያዝ ነበር። ሽቦው ከተያዘ ሦስተኛው ሰው መጠበቅ ግዴታው ነው። ጭንቅንቁ ግልጽ ነበር፤ ወይ ታገኛለህ፥ ወይ «ተይዟል» ትባላለህ።

ስንት ሽቦ ቢዘረጋ ስንት ሰው ይስተናገዳል የሚለውን ጥያቄ በሒሳብ የፈታው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። የመጀመሪያውን ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1909፥ ታዋቂውን ቀመሩን ደግሞ በ1917 አወጣ። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ ከተማ እጅግ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት 100 ጥሪዎች ይደረጋሉ፥ እያንዳንዱም 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ይህ በጠቅላላው 300 ደቂቃ፥ ማለት የ5 ሰዓት ንግግር ነው። «እንግዲያውስ 5 መስመር ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። በኤርላንግ ቀመር ሲሰላ ግን በ5 መስመር ከመቶ ጠሪዎች 28 የሚሆኑት ይመለሳሉ። መስመሮቹ 10 ቢሆኑ የሚመለሱት ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። ምክንያቱም ሰው ተራ ይዞ አይደውልም፤ በአንድ ጊዜ ይመጣል፥ በአንድ ጊዜም ይጠፋል። በአማካይ የሚበቃ ነገር በበዓል ዋዜማ አይበቃም። ይህን የአዳማ መናኸሪያን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ኢንተርኔት ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የምንልከው ደብዳቤ፥ ሥዕል ወይም ድምፅ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ይከፋፈላል። ጥቅሎቹም ከሌላው ሰው ጥቅል ጋራ በአንድ መስመር ተቀላቅለው ይጓዛሉ። በየመገናኛው ራውተር የሚባል መሣሪያ አለ። ራውተሩ የመጣውን ጥቅል ተቀብሎ ወደሚቀጥለው መንገድ ይመራል፤ መንገዱ ከተያዘ በመጠበቂያ ስፍራ ያስቀምጠዋል፤ መጠበቂያውም ከሞላ ጥቅሉን ይጥለዋል። ላኪው ኮምፒዩተር ጥቅሉ መጥፋቱን ሲያውቅ እንደገና ይልካል።

ዘዴው ብልህ ነው፤ ነገር ግን አደጋ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1986 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፥ በበርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል አንድ አስደናቂ ነገር ደረሰ። ሁለቱ ስፍራዎች የሚራራቁት ከ400 ሜትር ባነሰ ነበር። በመካከላቸው የነበረው መስመር በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሰው በእግሩ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ይቀድም ነበር ማለት ነው። ሽቦው አልተበጠሰም፤ መሣሪያውም አልተቃጠለም። የሆነው ይህ ነው፦ ጥቅሎች በወረፋ ሲዘገዩ ላኪዎቹ የጠፉ መሰላቸውና እንደገና ላኩ፤ በዚህም ወረፋው ረዘመ፤ ወረፋው ሲረዝም ደግሞ አብልጠው ላኩ። በመጨረሻ መስመሩ በአዲስ ሥራ ሳይሆን በድጋሚ በተላከ ጥቅል ተሞላ። የውጤቱን ገጽ ሃያ ጊዜ የሚጫን ተማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቫን ጃኮብሰን የሚባል የላቦራቶሪው ሊቅ ከባልደረባው ጋራ ሆኖ መድኃኒቱን ፈለገ፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተመ። መድኃኒቱ ከሰው ጨዋነት የተቀዳ ይመስላል። መንገዱን የማያውቅ ላኪ በጥቂት ይጀምር። ጥቅሎቹ በደህና ከደረሱ በየዙሩ እጥፍ ያድርግ። ወደ መስመሩ ዐቅም ሲጠጋ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ይጨምር። አንድ ጥቅል ከጠፋ ግን «መንገዱ ሞልቷል» ብሎ ያስብና የሚልከውን በግማሽ ይቀንስ። ሲጨምሩ በቀስታ፥ ሲቀንሱ በፍጥነት፤ የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው።

ይህ ሕግ መጨናነቅን ብቻ ሳይሆን አድልዎንም ያቀናል። ሁለት ሰዎች በአንድ የ10 ሜጋቢት መስመር ይጠቀማሉ እንበል። አንዱ አስቀድሞ መጥቶ 8 ይዟል፤ ዘግይቶ የመጣው 2 ብቻ አግኝቷል። መስመሩ ሲሞላ ሁለቱም በግማሽ ይቀንሱና 4 እና 1 ይሆናሉ። የተረፈውን 5 እኩል እኩል እየጨመሩ ሲካፈሉት 6.5 እና 3.5 ይደርሳሉ። እንደገና በግማሽ ቀንሰው እንደገና ሲጨምሩ 5.75 እና 4.25 ይሆናሉ። ልዩነታቸው 6 የነበረው መጀመሪያ 3፥ ቀጥሎም 1.5 ሆነ። ማንም ዳኛ ሳይሾምባቸው ወደ እኩልነት እየቀረቡ ሄዱ! ካለው ላይ በግማሽ ሲቀነስ ብዙ የያዘው ብዙ ያጣል፤ ሲጨመር ግን ሁለቱ እኩል ያገኛሉ። ምሥጢሩ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ርቀት ይህን ሥርዓት ይፈታተነዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ መንግሥታችን የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋራ ለማገናኘት «ወረዳ ኔት» የተባለውን መረብ ሲዘረጋ፥ ሽቦ ላልደረሰባቸው ብዙ ወረዳዎች በሳተላይት ይጠቀም ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚቆም ነው። ስለዚህ ከወረዳው የተነሣ ጥቅል ወጥቶ፥ ወርዶ፥ መልሱም እንደዚሁ ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስ ብርሃን ራሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የዛሬው ሕግ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ጥቅሎች ይጀምራል፤ ቀጥሎ 20፥ 40፥ 80፥ 160 እያለ ያድጋል። በአምስት ዙር 310 ጥቅሎች ማለት ነው። መስመሩ ሰፊ ቢሆንም እንኳ በሳተላይት አምስቱ ዙር ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ይወስዳሉ፤ በቅርብ ፋይበር ግን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ሊያንሱ ይችላሉ። ስለዚህ መስመር በስፋቱ ብቻ አይመዘንም፤ ጥቅል ደርሶ መልስ የሚመለስበት ጊዜም መቆጠር አለበት።

ሌላም ስሕተት አለ። የመሣሪያ ሠሪዎች «ጥቅል መጣል መጥፎ ነው» በማለት የመጠበቂያውን ስፍራ እያሰፉ ሄዱ። ለጊዜው መልካም ይመስላል። ነገር ግን 1 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ መጠበቂያ በ2 ሜጋቢት መስመር ላይ ቢሞላ፥ ባዶ እስኪሆን 4 ሰከንድ ይፈጃል። ከኋላው የቆመው ጥቅል፥ የስልክ ድምፅም ቢሆን፥ 4 ሰከንድ ይጠብቃል። በዚህ ላይ ደግሞ ጥቅል ስላልወደቀ ላኪው መንገዱ መሙላቱን አያውቅም፤ ስለዚህ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለ መሐንዲስ ይህን በሽታ በቤቱ መስመር ላይ አይቶ ለዓለም አስታወቀ። መስመሩ ፈጣን፥ ተጠቃሚው ግን ምሩር የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መጠበቂያ ክፍሉን ማስፋት ሐኪም መቅጠር አይደለም።

ወደ ሥራው እንግባ። በአንድ መሥሪያ ቤት፥ በትምህርት ቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት ያለውን ራውተር እንዲያስተካክል የታዘዘ ወጣት ባለሙያ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ይለካ። ጧት ማንም ሳይገባ አንድ ጥቅል ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ይመዝግብ፤ ከዚያም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ያንኑ ይለካ። ጧት 20 ሚሊሰከንድ የነበረው በሥራ ሰዓት 800 ከሆነ መስመሩ አልጠፋም፤ ወረፋው ረዝሟል።

ሁለተኛ፥ ወረፋውን ወደ ራሱ ቤት ያምጣ። የተከራዩት መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ ራውተሩ ከ9 በላይ እንዳያሳልፍ ይወስን። አንድ ሜጋቢት መጣል ኪሳራ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት ወረፋው የማናዝበት ሩቅ መሣሪያ ላይ መሠራቱ ይቀርና እኛ በምናዝበት ላይ ይሠራል። የማያዙበትን ሰልፍ ማስተካከል አይቻልምና።

ሦስተኛ፥ ወረፋው ዕድሜ እንዲኖረው እንጂ ርዝመት ብቻ እንዳይለካ ያድርግ። ካትሊን ኒኮልስና ይኸው ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 «ኮዴል» የተባለ ዘዴ አቅርበዋል። ኮዴል ጥቅሎች በወረፋ የቆዩበትን ጊዜ ይመለከታል። ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ሳያቋርጥ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ፥ መጠበቂያው እስኪሞላ ሳይጠብቅ አንድ ጥቅል ይጥላል፤ ላኪውም ምልክቱን አይቶ ይቀንሳል። በአሮጌ መሣሪያ ላይ ይህ ባይገኝ፥ ሳሊ ፍሎይድና ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት «ሬድ» የተባለው የቀድሞ ዘዴ ይገኝ ይሆናል። እርሱም ወረፋው ሲረዝም አስቀድሞ በዕጣ ጥቂት ጥቅሎችን እየጣለ ያስጠነቅቃል። ከተቻለም ጥቅሉን ከመጣል ይልቅ ምልክት አድርጎ የሚያሳልፈውን ሥርዓት መክፈት ይሻላል፤ ማስጠንቀቂያ ሳለ ቅጣት ለምን?

አራተኛ፥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ወረፋ ይስጥ። ቀደም ሲል ያየነው የእኩልነት ሕግ የሚያገለግለው ለግንኙነት እንጂ ለሰው አይደለም። አንዱ ሠራተኛ ስምንት ግንኙነት ከፍቶ ፊልም ቢያወርድ፥ በአንዲት ግንኙነት ማመልከቻ ከሚልከው ጓደኛው ስምንት እጥፍ ድርሻ ይወስዳል። ወረፋው በሰው ሲከፋፈል ግን ይህ ብልጠት ከንቱ ይሆናል።

አምስተኛ፥ ቅድሚያን በቁጠባ ይስጥ። አንድ የድምፅ ጥሪ ወደ 100 ኪሎቢት ያህል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ለአምስት ጥሪ ግማሽ ሜጋቢት ማለት ነው። ለዚህ ቅድሚያ ይሰጠው፥ ልኩም ይወሰን። ልክ የሌለው ቅድሚያ የቀረውን ሁሉ ያስርባል። ለአለቃው ኮምፒዩተር፥ ለምክትሉ፥ ለጸሐፊዋ፥ ለወዳጅም ቅድሚያ ከታደለ ደግሞ ለማንም አልተሰጠም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ይለካ፤ የቀድሞውንም አሠራር በመዝገብ ይጻፍ። አምስቱን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ቢሻልም ቢብስም ምክንያቱን አያውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ወረፋ ማስተካከል መንገድ ማስፋት አይደለም። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባለ ስድስት መስመር የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተሠራው አሮጌው መንገድ የጭነቱን ብዛት መሸከም ስላልቻለ ነው፤ በአሮጌው መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ በማብዛት የሚፈታ ጉዳይ አልነበረም። እንደዚሁም አንድ ከተማ ከዓመት ዓመት መስመሩ ሞልቶ የሚታይ ከሆነ፥ ነዋሪውን «ታገሡ» ማለት መልስ አይሆንም፤ መስመሩ መጨመር አለበት። የወረፋ ሥርዓት ያለውን በፍትሕ ያካፍላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። በሌላ በኩል ደግሞ ሥርዓት በሌለበት መስመር ቢያሰፉት ትርፉ ጥቂት ነው። ሰፊው መንገድ ሲያልቅ በጠባቡ መውጫ ላይ መኪናው ሁሉ እንደሚቆለል አይተናል።

ውጤት አውጪ መሥሪያ ቤትም ከዚህ የሚማረው አለው። የአንድ ቴሌቪዥን ስርጭት መቶ ትምህርት ቤት ቢያየው ሺህ ቢያየው ለአስተላላፊው ሸክሙ አንድ ነው። የውጤት ገጽ ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ ይላካል። ስለዚህ ገጹን ከሥዕልና ከጌጥ አራቁቶ ቀላል ማድረግ፥ ውጤቱን በአጭር መልእክትም መስጠት፥ ቢቻል በተራ መልቀቅ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ የሆነ ነገር ብዙ ሺህ ባይት በሆነ ጌጥ ጠቅልሎ መላክ ለሁሩታው ልጅ አይበጅም።

ለአንተ ለተማሪው የምንመክርህ፥ ገጹ ካልተከፈተ ጥቂት ቆይተህ ሞክር፤ አሁንም እንቢ ካለ የምትጠብቅበትን ጊዜ እጥፍ እያደረግህ ሂድ። ኮምፒዩተሮችም እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለሌላው ብለህ ብቻ ሳይሆን ለራስህም ቶሎ የሚደርስልህ በዚህ መንገድ ነው። ቁጥሩ የተጻፈ ነው፤ በችኮላ አይለወጥም።

ለአንተም በመስኮቱ ውስጥ ለተቀመጥከው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ቃል አለን። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሰው ፊትህ ሲቆም «ኔትወርክ የለም» ብለህ ከማሰናበትህ በፊት እውነት የሌለ እንደ ሆነ እይ። ምናልባት በጎንህ ያለው ባልደረባህ ፊልም እያወረደ ይሆናል። ምናልባት ራውተሩ ከሣጥኑ ከወጣ ጀምሮ ማንም እጁን አላሳረፈበትም ይሆናል። ያን ጊዜ ለገበሬው የጎደለው መስመር አይደለም፤ የእናንተ ትጋት ነው። እርሱም ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም።